ከቤይሩት የማይታየው መስቀል



እሑድ ከጸሎት በኋላ በአዳራሻችን ቡና ሲፈላ የማይነሣ ወሬ የለም። የደመወዝ ነገር ይነሣል፣ የማዳም ነገር ይነሣል፣ የአገር ቤት ናፍቆት ይነሣል። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር አንድ እሑድ ግን ከዚያ በፊት ተጠይቆ የማያውቅ ጥያቄ ቀረበልን። ለፋሲካ የአንድ ወር እረፍት አግኝታ አገር ቤት ደርሳ የተመለሰች እኅታችን ስኒዋን ሳትነካው ቆይታ፣ «እስቲ ንገሩኝ፤ ኮከብ ከአገር አገር ይለያያል እንዴ?» አለችን።

ሳቅን። ሰማይ አንድ አይደለም ወይ? ብዙዎቻችን ናፍቆት ሲጠናብን ራሳችንን የምናጽናናው «እነሱም የሚያዩት ይህንኑ ሰማይ ነው» እያልን ነው። እሷ ግን አልሳቀችም። ታሪኳን ስትነግረን እኛም ሳቃችንን ተውነው። ፈቃዷን ጠይቀን፣ ስሟን ሳንጠቅስ፣ ነገሩን ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን። ከታሪኳ ጋር ያን ሰሞን ስለ ከዋክብት የተማርነውንም እንነግራችኋለን። ለሁላችንም የሚጠቅም ነውና።

«አንቱ» ያለችው ልጅ

ይህች እኅታችን የአርሲ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ የሚኖሩት ከአሰላ ወጣ ባለች መንደር ነው። ወደ ሊባኖስ ስትመጣ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጇን ለእናቷ ሰጥታ ነበር። የወጣችው በታኅሣሥ ነው፤ ለእረፍት የተመለሰችው በሚያዝያ፣ ከአራት ዓመት ከአራት ወር በኋላ። በመካከሉ ልጇን የምታውቃት በስልክ ድምፅና በፎቶግራፍ ብቻ ነበር።

ከቤት ስትደርስ ልጅቷ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ቆማ ጠበቀቻት። ጉንጯን አስማ፣ አንገቷን ደፍታ «ይግቡ» አለቻት። አያትየዋ «እናትሽ እኮ ናት!» ብትላትም ለቀናት «እርስዎ» ማለቷን አልተወችም። «የወሰድኩላትን ጫማ ስትቀበለኝ እንኳ እንደ እንግዳ ጎንበስ ብላ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለችኝ» ብላ ነገረችን። በዚህ ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ። ለዓመታት በሰው ቤት ስንደክም የምናስበው ያን ቀን ነው። ቀኑ ሲመጣ ግን ሻንጣ ይከፈታል እንጂ የልጅ ልብ በዚያው ቀን አይከፈትም።

መብራት የጠፋ ምሽት

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ምሽት በመንደሩ መብራት ጠፋ። እራት በኩራዝ ተበልቶ ሲያበቃ እናትና ልጅ አንድ ጋቢ ደርበው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። የበልግ ደመና ሲመላለስ ሰንብቶ ያን ምሽት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። እኅታችን ቀና ብላ ስታይ ደነገጠች። ያን ያህል ኮከብ መኖሩን ረስታዋለች። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስና ንጹሕ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዓይንን የሚጋርደው ነገር የለም።

ልጅቷ ድንገት፣ «መስቀሉን አይተውታል?» ብላ ጠየቀቻት።

«የቱን መስቀል?»

ልጅቷ እጇን ይዛ ወደ ደቡብ አዞረቻት። እጇን በራሷ ፈቃድ ስትይዛት የመጀመሪያዋ ነበር። ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ በላይ አራት ከዋክብት ወደ ግራ ያዘነበለ መስቀል ሠርተዋል። የሳይንስ መምህራቸው በትምህርት ቤት ነግሯቸው ኖሮ ልጅቷ እያንዳንዷን ታውቃለች። «ይኸው አናቱ፣ ይኸው እግሩ፣ እነዚያ ሁለቱ ደግሞ ጠቋሚዎቹ» እያለች አሳየቻት። እኅታችን «ገባኝ፤ ያ ነው» ብላ ወደ ሌላ ኮከብ ብትጠቁም ልጅቷ ሳቀችባትና «አይደለም እኮ! አንቺ ደግሞ!» አለቻት።

«አንቺ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ወደ «አንቱ» አልተመለሰችም።

እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ቆይተው መስቀሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም አዩት። ከዚያ ወዲህ ደመና ባልነበረበት ሌሊት ሁሉ አንድ ላይ ይወጡ ነበር። የመጨረሻው ምሽት ላይ ቃል ተገባቡ። እናት ቤይሩት ሆና፣ ልጅም አሰላ ሆና፣ በየምሽቱ በአንድ ሰዓት ያንኑ መስቀል ሊያዩ ተስማሙ። በበጋ ወራት የሊባኖስ ሰዓት አንድ ሰዓት ስለሚጨመርበት ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ይሆናል። ስለዚህ የሰዓቱ ነገር አላስቸገራቸውም።

አልተገኘም

እኅታችን ቤይሩት በገባች በማግሥቱ ልብስ የሚሰጣበት የሕንፃው ጣሪያ ላይ ወጣች። ደቡብ የት እንደሆነ ታውቃለች፤ አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ነው። ብትፈልግ፣ ብትፈልግ መስቀሉ የለም። የከተማው መብራት ነው የጋረደው ብላ አሰበች። በሁለተኛው ቀንም የለም። በሦስተኛው ቀን በሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ እንኳ የለም።

ልጅቷ በስልክ «እማዬ፣ አየሽው?» ስትላት ምን ትበል? «አዎ፣ አየሁት» አለቻት። ለአንድ ሳምንት ያህል እንዲሁ አለቻት። አንድ ቀን ግን ልጅቷ፣ «ዛሬ አንቺ ጋ በስንት ሰዓት ቀጥ አለ?» ብላ ጠየቀቻት። እናት በግምት መለሰች። ልጅ ዝም አለች። ከዚያም «አላየሽውም አይደል?» አለች።

እንግዲህ ያን እሑድ ቡናዋን ሳትነካ ያቀረበችልን ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው። ፍርሃቷ ኮከቡን ማጣቷ ብቻ አልነበረም። «አሁን ያገኘሁትን አንቺታ በውሸቴ መልሼ ላጣው ነው» አለችን።

ብርቱካንና ቅርንፉድ

ከመካከላችን አገር ቤት ሳለች ጂኦግራፊ ታስተምር የነበረች፣ ዛሬ እንደ ሁላችን በሰው ቤት የምትሠራ እኅት አለች። ነገሩን ሰምታ ተነሣችና ከጠረጴዛው ላይ አንድ ብርቱካን አነሣች፤ ከኩሽና ሁለት ፍሬ ቅርንፉድና አንድ ሻማ አመጣች። መካከሉን በእስክሪብቶ ዙሪያውን አሠመረችው፤ «ይህ ምድር ወገብ ነው» አለች። ከመስመሩ ጥቂት ከፍ አድርጋ አንዱን ቅርንፉድ ሰካችና አሰላ አለችው። ሌላውን ወደ ላይ ራቅ አድርጋ ሰካችና ቤይሩት አለችው። ከዚያ የአዳራሹን መብራት አስጠፍታ ሻማውን ከብርቱካኑ በታች ወደ ጎን ራቅ አድርጋ ያዘችው። አሰላ የተባለው ቅርንፉድ በብርሃን ቆመ። ቤይሩት የተባለው ግን ጥላ ውስጥ ቀረ።

«አያችሁ? የጋረደው መብራትም ሕንፃም አይደለም። ራሷ ምድር ናት የጋረደችው» አለችን። ኮረብታ ማዶ ያለ ቤት ከኮረብታው ወዲህ ላለ ሰው እንደማይታየው ማለት ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። አሰላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ቤይሩት ደግሞ 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው 26 ዲግሪ አለ። አንዱ ዲግሪ በምድር ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሁለቱ ወደ 2,900 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ወደ ሰሜን አንድ ዲግሪ በሄድን ቁጥር የደቡብ ከዋክብት አንድ ዲግሪ ዝቅ ይላሉ፤ የሰሜን ከዋክብት ደግሞ አንድ ዲግሪ ከፍ ይላሉ። የመስቀሉ የታችኛው ኮከብ አሰላ ላይ 19 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ከዚህ ላይ 26 ሲቀነስ ከዜሮ በታች ይሆናል። ስለዚህ ቤይሩት ላይ መስቀሉ ከአድማስ በላይ ጨርሶ አይወጣም። መቶ ዓመት ጣሪያ ላይ ቢቆሙ አይገኝም።

ይህን በእጃችን መለካት እንችላለን። ክንዳችንን ወደፊት ዘርግተን እጃችንን ብንጨብጥ የጭብጡ ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ነው። ከቤይሩት የሰሜን ኮከብን ፈልጋችሁ ከአድማስ ጀምራችሁ በጭብጥ ብትለኩ ሦስት ጭብጥ ተኩል ገደማ ይሆናል። አሰላ ላይ ግን አንድ ጭብጥ አይሞላም፤ ተራራ ወይም ዛፍ ይሸፍነዋል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ሁልጊዜ የቆማችሁበትን ቦታ ከምድር ወገብ ርቀት በዲግሪ ይነግራችኋል። ጥንት መርከበኞችና ነጋዴዎች በባሕርና በበረሃ መንገዳቸውን ያገኙ የነበረው በዚህ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ እኅቶችም እንንገራችሁ። ከኩዌት የመስቀሉ አናት ብቻ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ይላል፤ እግሩ አይወጣም። ከዱባይ ሙሉው ይወጣል ቢባልም እግሩ ከአድማስ በላይ ሁለት ዲግሪ እንኳ ስለማይሞላ አቧራና የከተማ ብርሃን ይውጠዋል። ጂዳ ያላችሁ ግን ወደ ደቡብ ክፍት የሆነ ቦታ ካገኛችሁ በሚያዝያና በግንቦት ዝቅ ብሎ ልታዩት ትችላላችሁ። ከፊሊፒንስ፣ ከስሪላንካና ከኬንያ የመጡ ጓደኞቻችንም በየአገራቸው ያዩታል። እነሱም እንደ እኛ የሐሩር አገር ልጆች ናቸውና።

አራቱ ከዋክብት

የደቡብ መስቀል የሚባለው ይህ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት መላውን ሰማይ በ88 የከዋክብት ስብስቦች ከፍለውታል፤ ከ88ቱ በስፋት የመጨረሻው ትንሹ የደቡብ መስቀል ነው። ትንሽ ይሁን እንጂ ከዋክብቱ ደማቆች ስለሆኑ አንድ ጊዜ ያየው አይረሳውም። በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድ፣ በብራዚል፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒና በሳሞአ ሰንደቅ ዓላማዎች ላይ ይገኛል። በደቡብ ዋልታ አቅጣጫ እንደ ሰሜን ኮከብ ያለ የሚያመላክት ደማቅ ኮከብ የለም። ስለዚህ ከመስቀሉ አናት ወደ እግሩ የሚሄደውን መስመር በሐሳብ አራት ጊዜ ተኩል አርዝሞ ደቡብን ማግኘት የቆየ ዘዴ ነው።

ከአጠገቡ ጥቁር ጉድጓድ የሚመስል ቦታ አለ። ጉድጓድ አይደለም፤ ከጀርባው ያሉትን ከዋክብት የሸፈነ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር ተማርን። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ይህ መስቀል ከኢየሩሳሌምም፣ ከዚሁ ከሊባኖስ ምድርም በደቡብ አድማስ ላይ ዝቅ ብሎ ይታይ ነበር። ምድር እንደሚዞር እንዝርት ቀስ እያለች ስለምትወዛወዝ የሰማዩ አቀማመጥ በዘመናት ውስጥ ይለወጣል። አንዱ ዙር ወደ 26,000 ዓመት ይፈጃል። በዚህ ምክንያት መስቀሉ ከጊዜ በኋላ ከእነዚህ አገሮች አድማስ በታች ወረደ።

ልጅቷ «ጠቋሚዎቹ» ካለቻቸው ከሁለቱ ከዋክብት ከመስቀሉ ራቅ ያለው አልፋ ሴንታውሪ ይባላል። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ እጅግ ቅርብ የሆነው የከዋክብት ቤተሰብ እሱ ነው። ቅርብ ሲባል ግን በሰማይ መለኪያ ነው። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። እንዲያም ሆኖ ከዚያ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ አራት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ይፈጅበታል።

መምህርቷ ይህን ስትነግረን እኅታችን በጣቶቿ ቆጠረች። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ፣ አራት ዓመት ከአራት ወር። «እንግዲያው ከልጄ ጋር ያየሁት ብርሃን ከዚያ የተነሣው እኔ ከቤት በወጣሁበት ሰሞን ነው?» አለች። አዎ፣ በዚያው ሰሞን ነው። ሁላችንም ጥቂት ዝም አልን።

አገራችን ያላት ሰማይ

አገር ቤት ስንኖር ይህን ሁሉ ልብ አላልንም። ኢትዮጵያ የምትገኘው በሐሩር ክልል ውስጥ ነው። ሐሩር ክልል የሚባለው ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ያለው ቦታ ነው። ከዚህ ክልል ውጭ ፀሐይ ቀጥታ አናት ላይ አትቆምም፤ ስለዚህ ቤይሩት ላይ በቀትርም ቢሆን ጥላችን ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል። አሰላ ላይ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ በቀትር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትቆም ጥላ ከእግር ሥር ይገባል።

ቀኑና ሌሊቱም እንዲሁ ነው። እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም አይርቅም። «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» ብለን ከፀሐይ መውጣት ጀምረን መቁጠራችን የሚያምረው በዚህ ምክንያት ነው። ቤይሩት ላይ ግን ረጅሙ የበጋ ቀን ከ14 ሰዓት ያልፋል፤ አጭሩ የክረምት ቀን ወደ 10 ሰዓት ይወርዳል። አገር ቤት ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ጨለማው ቶሎ ይመጣል። እረኛ ከብቱን ሳያስገባ የሚመሽበት ለዚህ ነው።

ከዋክብትን ለማየት ደግሞ ከሐሩር ክልል የተሻለ ቦታ የለም። ልክ ምድር ወገብ ላይ የቆመ ሰው በዓመት ውስጥ የሰማይን ከዋክብት ሁሉ ያያል፤ የሰሜኑም የደቡቡም አይቀርበትም። አሰላ ከዚያ 8 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ የሚቀርባት በጣም ጥቂት ነው። ሰዎች ብዙ ገንዘብ ከፍለው ለእረፍት ወደ ሐሩር አገሮች ሲሄዱ በሌሊት የሚያዩት ሰማይ፣ እኛ በነጻ ከደጃፋችን የምናየው ነው። በአዲስ አበባ እንጦጦ ተራራ ላይም እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል።

ለሁለታችን የሚሆን ኮከብ

ያን ምሽት እኅታችን ከአዳራሹ ሳትወጣ ለልጇ ደወለች። አጠገቧ ነበርን። «ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ። መስቀሉን አላየሁትም፤ እኔ ካለሁበት አይታይም። ምድር ጋርዳብኛለች» አለቻት። የብርቱካኑንም ነገር ነገረቻት። ልጅቷ ሰማቻትና ብዙ ሳትቆይ፣ «እንግዲያው እኔ ጋም አንቺ ጋም የሚታየውን ንገሪኛ» አለቻት። ይቅርታውም ዕርቁም ይኸው ነበር።

መምህርቷም ለሁለቱም የሚሆኑትን መረጠችላቸው። እናንተም ተጠቀሙበት።

በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ምሥራቅ ከፍ ብሎ የሚታይ ብርቱካንማ ደማቅ ኮከብ አለ፤ አርክቱረስ ይባላል። የሚገርመው በዚያ ሰዓት ከቤይሩትም ከአሰላም ሲታይ ከፍታው እኩል ሊባል ይችላል። ሁለቱ ቦታዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ብዙም ስለማይራራቁ አንድ ኮከብ አሰላ አናት ላይ ካለፈ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቤይሩትም ላይ ያልፋል።

በሐምሌና በነሐሴ በደቡብ በኩል ቀይ ኮከብ ታያላችሁ፤ አንታረስ ነው፣ የጊንጡ ልብ። ዐረቦቹ ጊንጥን ዐቅራብ ይሉታል። በአገራችንም የቆዩ የሐሳበ ከዋክብት መጻሕፍት ስሙ ያው ዐቅራብ ነው፤ ሐመል፣ ሠውር፣ አሰድ፣ ሚዛን፣ ሑት የሚሉትም እንዲሁ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። በየቤቱ የምንሰማው ቋንቋ በሰማይ ላይ ከእኛ ጋር ዝምድና አለው። ብቻ በእነዚህ ወራት አርሲ ክረምት ነው። እናት ለብቻዋ ታያለች፤ ልጅ የዝናቡን ወሬ ትነግራታለች። በባሕረ ሰላጤው ያላችሁ ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ «ሱሄል ወጣ» ሲባል ትሰማላችሁ። በሰማይ ከሲርየስ ቀጥሎ ሁለተኛው ደማቅ ኮከብ ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ በደቡብ ብቅ ሲል የሙቀቱ ማብቂያ ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል።

በኅዳር በምሥራቅ ሰባቱ ከዋክብት ይወጣሉ። እነሱን ተከትሎ አልደበራን የሚባለው ቀይ ኮከብ ይመጣል፤ ስሙ በዐረብኛ «ተከታዩ» ማለት ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ደግሞ ኦሪዮን አለ፤ በወገቡ ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ከዋክብት አሉት። እነዚህ ሦስቱ የሚገኙት ከምድር ወገብ ትይዩ ስለሆነ በዓለም ላይ ሰው በሚኖርበት ሁሉ ይታያሉ። ሰባቱ ከዋክብትና ኦሪዮን በመጽሐፈ ኢዮብም ስማቸው ተጠርቷል።

በገና ዕለት ቤይሩት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን አሰላ ሁለት ሰዓት ነው። እኅታችን የተሰጣውን ልብስ ላውርድ ብላ ጣሪያ ወጣች። ሦስቱ ከዋክብት በምሥራቅ ነበሩ። ስልኳ ጠራ። ልጅቷ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «እማዬ፣ ሦስት ናቸው አይደል? መካከለኛው ትንሽ አይደምቅም?» አለቻት። «ይደምቃል» አለቻት። በዚህ ጊዜ እውነቷን ነበር።

እረፍት ለምትሄዱና ለማትሄዱ

እረፍት አግኝታችሁ አገር ቤት የምትገቡ እኅቶች፣ ስጦታና ዘመድ ጥየቃ የወሩን ቀን ሁሉ እንዳይጨርሱት ከልጆቻችሁ ጋር ሁለት ሦስት ምሽት ለዩ። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ። የስልካችሁን መብራት አጥፉና ሃያ ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ ዓይን ጨለማን ሲለምድ ከዋክብቱ እየበዙ ይመጣሉ። ጋቢ ያዙ። ጅብ ባለበት አካባቢ ከደጃፍ አትራቁ። ልጆቻችሁ የሚያውቁትን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቋቸው። ለዓመታት ልከንላቸዋል፤ ከእነሱ ስንቀበል ደግሞ ደስ ይላቸዋል።

እረፍት ያላገኛችሁ፣ ወረቀታችሁ ያልተስተካከለላችሁ፣ ከቤት መውጣት እንኳ የማይፈቀድላችሁ እኅቶች ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለን። ለእናንተም የምንለው አለ። የኩሽናው መስኮት ወደ የት እንደሚያይ እወቁ፤ ፀሐይ የምትወጣበት ከሆነ ምሥራቅ ነው፣ የምትገባበት ከሆነ ምዕራብ። ከዚያች መስኮት የምትታይ አንዲት ኮከብ ምረጡና ለቤተሰባችሁ በየትኛው ሰዓት የት እንዳለች ንገሯቸው። ከሁሉም ቀላሏ ጨረቃ ናት፤ ለሁሉም ትወጣለች። ነገር ግን አደራችሁን፣ ኮከብ ለማየት ብላችሁ የበረንዳ ብረት አትደገፉ፣ ወንበር ላይ አትቁሙ፣ ከመስኮት አትንጠልጠሉ። በዚህ የወደቁብን እኅቶች ይበቁናል።

እዚህ ከተማ ሰማዩ ጨርሶ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የሊባኖስ የመንግሥት ኤሌክትሪክ በነዳጅ እጦት ሲቋረጥ፣ ጄኔሬተር ባልነበረባቸው ሰፈሮች ከዋክብት ወጥተው አይተናል። መብራት የጠፋ ሌሊት ያስፈራል፤ ግን ቀና ብሎ ለሚያይ የሚሰጠው ነገር አለ።

ያቺ እኅታችን አሁን ቀጣዩን እረፍቷን እየቆጠረች ነው። ልጅቷ አሥር ዓመት ሊሞላት ነው። ማታ ማታ ስትደውል መስቀሉ ቀጥ ያለበትን ሰዓት በደብተር ጽፋ እንደምታስቀምጥላት ነግራታለች፤ «ስትመጪ ታነቢዋለሽ» ብላ።

እናንተም ከመስኮታችሁ የምታዩትን ኮከብ እሑድ ስትመጡ ንገሩን። መምህርታችን ስሙን ትነግራችኋለች፤ ብርቱካኑም አይጠፋም።

በቸር ያገናኘን።